ያኩዛ ሕጋዊ ነው ወይስ ጠፍቷል?

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «በቅርቡ ለማስተርስ ወደ ቶኪዮ ልሄድ ነው። አንድ ጓደኛዬ ያኩዛ ጃፓን ውስጥ ሕጋዊ ነው፣ ቢሮ ከፍቶ ቢዝነስ ካርድ አሳትሞ ነው የሚንቀሳቀሰው አለኝ። እውነት ከሆነ እንደዛ ያለ ሀብታም አገር ፖሊስ ለምን በአንድ ቀን አይዘጋቸውም? ተገዝቶ ነው? ሌላ ሰው ደግሞ ያኩዛ እኮ ጠፍቷል፣ አሁን የሽማግሌ ስብስብ ነው አለኝ። የቱ ነው ልክ? እኔስ እንደ ውጭ አገር ሰው ምን ላይ ልጠንቀቅ?»

ሁለቱም ስለ ያኩዛ፣ ማለትም ስለ ጃፓን የተደራጁ የወንጀል ቡድኖች፣ ግማሹን ነው የያዙት። ሕጋዊ ነው የሚለው ልክ አይደለም፣ ታግዷል ብትልም ልክ አይሆንም፣ ጠፍቷል የሚለው ደግሞ ከሁሉም የባሰው ነው፣ ምክንያቱም ሰው እንደዛ ካሰበ የሚጠነቀቀው ጀርባውን ሙሉ የተነቀሰ ጣቱ የጎደለ ሰውዬ ካየ ብቻ ይሆንና በስልኩ የሚመጣበትን አያየውም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

«ያኩዛ» የሚለው ቃል ከካርታ ጨዋታ የመጣ ነው፣ 8፣ 9 እና 3። ሲደመር 20 ነው፣ በዛ ጨዋታ ደግሞ የሚቆጠረው የመጨረሻው አሃዝ ስለሆነ ዜሮ ወጣብህ ማለት ነው፣ የማይረባ እጅ። ፖሊስ በዚህ ስም አይጠራቸውም፣ ቦርዮኩዳን ነው የሚላቸው፣ የዓመፅ ቡድን እንደማለት። እነሱ በበኩላቸው ኒንክዮ ዳንታይ ነን ይላሉ፣ ለደካማ የሚቆም የክብር ማኅበር እንደማለት ነው። በ1995 የኮቤ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ትልቁ የያኩዛ ቡድን ያማጉቺ ጉሚ ውሃና ምግብ ሲያድል ነበር፣ እና ይሄን እስከ ዛሬ ይነግሩሃል። ያው እርዳታው እውነት ነው፣ ግን የዚያው ቡድን ሰዎች በቀሪው ቀን ከሱቅና ከቡና ቤት የጥበቃ ገንዘብ የሚሰበስቡ፣ ዕፅ የሚሸጡ፣ በ1980ዎቹ የመሬት ዋጋ ጣሪያ በነካ ጊዜ ደግሞ ቤቴን አልሸጥም ያለን ሽማግሌ በር ላይ ቆመው እያስፈራሩ የሚያስለቅቁ ናቸው። አመጣጣቸው ከ1868 በፊት ከነበረው የኤዶ ዘመን ቁማርተኞችና የመንገድ ቸርቻሪዎች ቢሆንም ጉልበት ያገኙት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሽንፈት በኋላ ነው፣ ሕዝቡ በጥቁር ገበያ በሚበላበት ጊዜ ገበያውን ያዙት። በ1963 አካባቢ ቁጥራቸው ወደ 184,000 ደርሶ ነበር፣ ይሄ ሠራዊት ነው እንግዲህ።

ጓደኛህ ያለው ቢሮና ካርድ እውነት ነበር። በር ላይ የቡድኑ ዓርማ ይሰቀል ነበር፣ ያማጉቺ ጉሚ እንደውም በ2013 ለአባላቱ የውስጥ መጽሔት አውጥቶ ነበር፣ ውስጡ ሃይኩ ግጥምና የዓሣ ማጥመድ ወግ ያለበት። አትሳቅ፣ እውነት ነው።

አሁን ወደ «ለምን አይዘጉም»። የጃፓን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 የመደራጀት መብትን ያረጋግጣል። ይሄ አንቀጽ ከሌላ አገር ተገልብጦ ዝም ብሎ የተቀመጠ ወረቀት አይደለም፣ ከጦርነቱ በፊት በ1925 በወጣው የጸጥታ ማስጠበቂያ ሕግ መንግሥት ያልወደደውን ማኅበር ሁሉ ያፈርስና አባሉን ያስር ስለነበር ያንን ያየ ትውልድ ማኅበርን በስሙ ማገድ ሲባል ይደነግጣል። በ1952 ማኅበር ማፍረስ የሚያስችል ሕግ ወጥቶ ነበር፣ ግን አስብ እስኪ፣ በ1995 ቶኪዮ ባቡር ውስጥ የሳሪን መርዝ የለቀቀውን የሃይማኖት ቡድን ኦም ሺንሪክዮን እንኳ በዚያ ሕግ ለማፍረስ ሲጠየቅ በ1997 ጉዳዩን የሚያየው ኮሚሽን አልፈቀደም። እነሱን ማፍረስ ካልተፈቀደ የቁማርተኛ ማኅበርን ማፍረስ እንዴት ይፈቀዳል የሚል ክርክር ነው ያለው። «ተገዝቶ ነው» ላልከው፣ አዎ ፖለቲከኛውም ፖሊሱም ከያኩዛ ጋር ተቻችሎ የኖረበት ረጅም ዘመን አለ፣ ይሄን የሚክድ ካለ ይዋሽሃል፣ ብዙ መርማሪዎችም አድራሻው የታወቀ ወንጀለኛ ከማይታወቀው ይሻላል ብለው ያምኑ ነበር። ይሄን ሐሳብ ያዝልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን፣ ምክንያቱም የሚያሳዝነው ነገር ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም።

መዝጋት ስላልቻሉ ሌላ መንገድ ፈለጉ። በ1991 የወጣውና በመጋቢት 1992 ሥራ ላይ የዋለው የፀረ ቦርዮኩዳን ሕግ ቡድኑን አያግድም፣ ይሰይመዋል። ሦስት ነገር ይታያል፣ ቡድኑ በስሙ ኃይል ገንዘብ የሚያሰባስብ ነው ወይ፣ ከአባላቱ የተፈረደባቸው ሰዎች ድርሻ ስንት ነው፣ ከላይ አለቃ ያለው የተዋረድ አደረጃጀት አለው ወይ። ሦስቱን ካሟላ የየአውራጃው የሕዝብ ደህንነት ኮሚሽን «የተሰየመ ቦርዮኩዳን» ይለዋል፣ አሁን ወደ 25 ቡድኖች በዚህ ዝርዝር ውስጥ አሉ። ጥቅሙ ምንድን ነው? ያኩዛ እኮ ብዙ ጊዜ አይዝትም፣ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና «ሰፈሩን እየጠበቅን ነው እኮ» ብሎ ፈገግ ይላል፣ በተራ የወንጀል ሕግ ይሄን ዛቻ ነው ብለህ ማስረዳት አትችልም። በአዲሱ ሕግ ግን የተሰየመ ቡድን አባል ሆኖ እንደዛ ያለ ገንዘብ መጠየቅ ብቻውን ይበቃል፣ ፖሊስ አቁም የሚል ትዕዛዝ ይሰጠዋል፣ ትዕዛዙን ከጣሰ ወንጀል ነው። በኋላ በ2008 ሲሻሻል ደግሞ ታች ያለ አባል በቡድኑ ስም ላደረሰው ጉዳት ከላይ ያለው አለቃ ካሳ እንዲከፍል ሆነ።

ሕጉ ብቻውን ግን ብዙም አላንቀሳቀሳቸውም። ገና ሦስት ወር ሳይሞላው፣ ግንቦት 1992 ላይ፣ በፊልሙ በያኩዛ ያሾፈው ዳይሬክተር ኢታሚ ጁዞ ቤቱ አጠገብ ፊቱን በስለት ተዘለዘለ። በ2007 የናጋሳኪ ከንቲባ ኢቶ ኢቾ በምርጫ ቅስቀሳ ላይ እያሉ በያኩዛ አባል ተተኩሶባቸው ሞቱ፣ ያውም መሣሪያ ማግኘት እንደ ሰማይ በራቀበት አገር።

የሰበራቸው ቀጥሎ የመጣው ነው፣ እኔን ከጠየቅከኝ የጃፓን ዘዴ ዋናው ፍሬ ነገር ይሄ ነው። ያኩዛውን ከመቅጣት ይልቅ ያኩዛውን የሚያበላውን መቅጣት። ፉኩኦካ በ2010 ጀመረች፣ እስከ ጥቅምት 2011 ድረስ 47ቱም አውራጃዎች የማግለያ ደንብ አወጡ። በዚህ ደንብ ለያኩዛ ገንዘብ የከፈለ፣ ጥቅም የሰጠ፣ አውቆ ቢሮ ያከራየ ነጋዴ መጀመሪያ ይመከራል፣ እምቢ ካለ ስሙ ለሕዝብ ይወጣል። ጃፓን ውስጥ የድርጅት ስም ከያኩዛ ጋር ከወጣ በማግስቱ ባንኩ ብድሩን ይጠራል፣ ደንበኛው ይሸሻል፣ አለቀ። እና ሁሉም ሰው ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመረ፣ «ፀረ ማኅበረሰብ ኃይል አይደለሁም፣ ግንኙነትም የለኝም»። አንተም ቤት ስትከራይ ባንክ ስትከፍት ትፈርመዋለህ፣ እኔ የመጀመሪያ ቤቴን ስከራይ ደላላው ያን አንቀጽ በጣቱ እየጠቆመ ቀስ ብሎ ሲያነብልኝ የሃይማኖት መሐላ መስሎኝ ነበር። ያኩዛ ሆነህ ከፈረምክ ደግሞ ማጭበርበር ነው። ማንነቱን ደብቆ ጎልፍ በመጫወቱ ብቻ የተከሰሰ አለ። በእኛ አነጋገር ከዕድርም ከዕቁብም ከቀበሌም በአንድ ቀን እንደመባረር ነው፣ የባንክ ደብተር የለም፣ የስልክ ውል የለም፣ ኪራይ የለም፣ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ በባንክ መክፈል ሲኖርበት አባትየው አካውንት የለውም።

ቁጥሩ ይሄን ያሳያል። በ1991 ወደ 91,000 የነበሩት በ2024 መጨረሻ 18,800 ሆኑ፣ ከ20,000 በታች ሲወርድ የመጀመሪያው ነው። ከግማሽ በላዩ ከ50 ዓመት በላይ ነው፣ ከ70 ያለፉት በሃያዎቹ ዕድሜ ካሉት ይበዛሉ። ሁለተኛው ሰውዬ የሽማግሌ ስብስብ ያለህ ይሄን አይቶ ነው።

ይሁንና ሁሉም ቡድን በወረቀት አልተረታም። ኪታክዩሹ ከተማ ላይ ያለው ኩዶ ካይ የሚባለው ከሌሎቹ የሚለየው ተራውን ሰው መንካቱ ነው። በ2003 እምቢ ያለ ክለብ ውስጥ የእጅ ቦምብ ተወረወረ። በ2012 ሱቆች በራቸው ላይ «ያኩዛ አይገባም» የሚል ምልክት ሲለጥፉ የለጠፉት ሱቆች ባለቤቶች በስለት ተወጉ፣ ሕንፃቸው ተቃጠለ። በዚያው ዓመት ጡረታ የወጣ የፖሊስ መርማሪ በጥይት ተመታ፣ በቀጣዩ ዓመት አንዲት ነርስ ተወጋች፣ ጥፋቷ አለቃው ኖሙራ ሳቶሩ ለውበት ሕክምና በሄደበት ክሊኒክ በአገልግሎቱ አለመደሰቱ ነው። የውበት ሕክምና! በታኅሣሥ 2012 ኩዶ ካይ «በተለይ አደገኛ» ተብሎ ተሰየመ፣ በአገሩ ይሄ ስያሜ ያለው እሱ ብቻ ነው። በ2014 ፖሊስ ከታች ሳይሆን በቀጥታ ከላይ ጀመረ፣ ኖሙራን ያዘው። አለቃው አዘዘ የሚል ወረቀትም ድምፅም አልነበረም፣ ዓቃቤ ሕግ የተከራከረው በተዋረዱ ነው፣ እንዲህ ጥብቅ በሆነ ቡድን ውስጥ ያለ አለቃው ፈቃድ ይሄ አይደረግም ብሎ። በነሐሴ 2021 የፉኩኦካ ፍርድ ቤት ተቀብሎት ሞት ፈረደበት። በመጋቢት 2024 ይግባኝ ሰሚው ከክሶቹ አንዱን፣ የ1998ቱን የዓሣ አጥማጆች ማኅበር የቀድሞ መሪ ግድያ፣ ማስረጃው አይበቃም ብሎ ነፃ አወጣውና ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ወረደ። በመሃሉ ከአባላት በተሰበሰበ ገንዘብ ላይ ግብር አልከፈልክም ተብሎም ተፈርዶበታል። ዋናው ቢሯቸው ተሸጠ፣ ፈረሰ፣ ከሽያጩ ለተጎጂዎች ካሳ ተከፈለ፣ መሬቱን ቤት አልባ ሰዎችን የሚረዳ ድርጅት ገዛው። ፖሊስ አቅም የለውም ለሚል ሰው እኔ ሁሌ ይሄን ነው የምነግረው፣ ግን ስንት ዓመት እንደፈጀ፣ ስንት ሰው እንደተወጋም አብሬ እነግረዋለሁ።

ስለ ያማጉቺ ጉሚ አጭር ልበል። በነሐሴ 2015 ለሁለት ተከፈለ፣ ተገዳደለ፣ በ2020 ፖሊስ ሁለቱንም በግጭት ላይ ያሉ ብሎ ሰየማቸውና በተከለሉ ከተሞች አምስትና ከዚያ በላይ ሆነው እንዳይሰበሰቡ፣ ቢሯቸው እንዳይገቡ ከለከላቸው። እስቲ አስበው፣ ማኅበሩ አልታገደም፣ ማኅበርተኞቹ ግን አምስት ሆነው ሻይ ቢጠጡ ይታሰራሉ። በሚያዝያ 2025 የዋናው ያማጉቺ ጉሚ ሰዎች ኮቤ ወዳለችበት የሂዮጎ አውራጃ ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ሄደው ጠቡን እናቆማለን የሚል ደብዳቤ ሰጡ። ፖሊስ በደብዳቤ አያምንም፣ እኔም አላምንም።

ዘዴው ያስከፈለው ዋጋም አለ። ቡድኑን የለቀቀ ሰው በአብዛኛው ውል ለአምስት ዓመት ያኩዛ ሆኖ ይቆጠራል። አምስት ዓመት ያለ ባንክ አካውንት ያለ ስልክ፣ ማን ይቀጥረዋል? ደመወዙ የት ይገባል? አንዳንድ ባንኮች አሁን በፖሊስ ድጋፍ ለወጡ ሰዎች አካውንት መክፈት ጀምረዋል ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የወጣው ሁሉ ወደ ሥራ አልገባም፣ ከፊሉ ስሙን ጥሎ ሙያውን ይዞ ቀጠለ።

ኋላ እንመለስበታለን ያልኩህ እዚህ ጋ ነው። ከላይ ያለው ሕግ ሁሉ የሚሠራው ስም፣ አለቃና አድራሻ ባለው ቡድን ላይ ነው። አዲሶቹ ሦስቱም የላቸውም። የጃፓን ፖሊስ ከ2023 ጀምሮ ቶኩርዩ ይላቸዋል፣ ስም የለሽና ፈሳሽ ቡድን ማለት ነው፣ ለአንድ ሥራ ይሰበሰባሉ፣ ይበተናሉ፣ እርስ በርስ አይተዋወቁም፣ ትዕዛዙ በቴሌግራም ወይም በሲግናል ይመጣል ከዚያ መልእክቱ ይጠፋል። ሠራተኛ የሚቀጥሩት ከሶሻል ሚዲያ ነው፣ ያሚ ባይቶ ይባላል፣ የጨለማ የትርፍ ጊዜ ሥራ። በጥር 2023 ቶኪዮ አጠገብ ኮማኤ ውስጥ የ90 ዓመት አሮጊት በገዛ ቤታቸው በዘራፊዎች ተገደሉ፣ «ሉፊ» በሚል ስም ትዕዛዝ ይሰጡ የነበሩት ሰዎች የት ነበሩ መሰለህ? ማኒላ፣ የፊሊፒንስ ኢሚግሬሽን እስር ቤት ውስጥ፣ ስልክ ይዘው። በየካቲት ነው ተጠርዘው የመጡት። ከዝርፊያው የሚበልጠው ደግሞ የስልክ ማጭበርበር ነው፣ «እኔ ነኝ፣ እኔ፣ ልጅሽ፣ አደጋ ደረሰብኝ» ብሎ አሮጊት ማልቀስ የሚጀምር። በ2024 እንዲህ ያለው ማጭበርበር ከ70 ቢሊዮን የን በላይ ወሰደ፣ በሶሻል ሚዲያ የኢንቨስትመንትና የፍቅር ማታለል ደግሞ ለብቻው ከ120 ቢሊዮን በላይ። ከኋላ የያኩዛ እጅ ያለበት አለ፣ የሌለበትም አለ።

ፖሊስ እየተከተለ ነው ግን እየዘገየ። የስልክ ጠለፋ ሕግ ከ1999 ጀምሮ አለ፣ ለረጅም ጊዜ ጥቂት ወንጀሎች ላይ ብቻ ነበር የሚፈቀደው፣ በ2016 ማጭበርበርና ስርቆትም ተጨመሩበት። በ2018 ሌላውን ካጋለጠ ተጠርጣሪ ጋር ስለ ክሱ የመደራደር ሥርዓት ገባ። በ2025 ደግሞ መርማሪዎች በሐሰት መታወቂያ ለያሚ ባይቶ ማመልከት እንዲችሉ ተፈቀደ፣ ይሄ ለጃፓን ትልቅ እርምጃ ነው። የሚያዘው ግን አሁንም ባብዛኛው ከታች ያለው ልጅ ነው፣ ገንዘቡን የሚቀበለው፣ ከማሽን የሚያወጣው። እና እዚህ ጋ ነው አንተ የምትመጣው።

ነቅሶ ጥቁር መኪና የሚነዳ ያኩዛ ካንተ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፣ ምናልባት ሁለት ዓመት ተምረህ አንድም ሳታይ ትመለሳለህ። ያንተ አደጋ የባንክ ደብተርህ ነው። የውጭ ተማሪ አካውንት ተፈላጊ ዕቃ ነው፣ በተለይ ትምህርት ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ያለ ተማሪ፣ «ከእንግዲህ አትጠቀምበትም፣ ካርዱን ስጠኝና ይሄን ያህል ልስጥህ» የሚል ሰው ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጃፓናዊ አይደለም፣ እንዳንተው ስደተኛ ነው፣ ምናልባት ቋንቋህን የሚናገር። አትስጥ። በጓደኝነትም፣ ለአንድ ሳምንትም፣ «ደመወዜ ይግባበት» ቢልህም አትስጥ። አካውንት ወይም በስምህ የወጣ ሲም ካርድ ማስተላለፍ በራሱ ወንጀል ነው፣ የተሰረቀ ገንዘብ ካለፈበት ፖሊስ መጀመሪያ የሚያንኳኳው ያንተን በር ነው፣ እሱ ቢለቅህ እንኳ ቪዛህ ላይ ይመጣል። ስትመለስ አካውንቱን ራስህ ሄደህ ዝጋ።

ሁለተኛው ሥራው ነው። በተማሪ ቪዛ ፈቃድ አውጥተህ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ትችላለህ፣ የሌሊት መዝናኛ ቤቶች ግን ክልክል ናቸው፣ ሳህን ማጠብ ብቻ ቢሆንም። ዕቃ ተቀብለህ አድርስ፣ ፖስታ ውሰድ፣ ከማሽን ገንዘብ አውጣ፣ ለአንድ ቀን ይሄን ያህል፣ ልምድ አያስፈልግም የሚል ማስታወቂያ ካየህ ሥራ አይደለም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፣ መጀመሪያ የሚጠይቁህ የመታወቂያህን ፎቶና የቤተሰብህን አድራሻ ነው፣ «ለምዝገባ» ይሉሃል፣ ስታቅማማ ያንኑ አድራሻ መልሰው ይልኩልሃል። የሚሸሽ ልጅ የማይሸሸው በዚህ ነው። ፎቶውን ከላክህ በኋላ ቢገባህም አልረፈደም፣ በ2024 መኸር ቶኪዮ ዙሪያ ዝርፊያው ሲበዛ የጃፓን ፖሊስ ራሱ ወጥቶ «ከማድረጋችሁ በፊት ኑ፣ እናንተንም ቤተሰባችሁንም እንጠብቃለን» ብሎ ጥሪ አድርጓል፣ የሄዱትም ጥበቃ አግኝተዋል። ቁጥሩ #9110 ነው ለምክር፣ ለአስቸኳይ 110። ጃፓንኛህ ካልበቃ የዩኒቨርሲቲህን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይዘህ ሂድ። ዕቃውን አንዴ ካደረስክ በኋላ ከሆነ ግን በስልክ ማብራራት አትሞክር፣ መጀመሪያ ጠበቃ ፈልግ፣ ጃፓን ውስጥ አንድ ሰው ክስ ሳይመሠረትበት በፖሊስ እጅ እስከ 23 ቀን ሊቆይ ይችላል፣ በዚያ ጊዜ የምትለው እያንዳንዱ ቃል ይጻፋል።

ካቡኪቾ ወይም ሮፖንጊ በሚባሉት የቶኪዮ የሌሊት መዝናኛ ሰፈሮች መንገድ ላይ እጅህን ይዞ «አንድ ሰዓት 3,000 የን ብቻ» የሚልህን ተከትለህ አትግባ፣ ሂሳቡ ሲመጣ ዜሮ ይጨመርበታል፣ ጠሪው ጥቁር ሆኖ «ብራዘር» ቢልህም ያው ነው።

ንቅሳት ካለህ ደግሞ ሙቅ መታጠቢያ ቤቶች ሊመልሱህ ይችላሉ፣ ከያኩዛ የተነሳ የመጣ ደንብ ነው፣ በ2013 ሆካይዶ ላይ ፊቷን በባህሏ የተነቀሰች ከኒውዚላንድ የመጣች የማኦሪ ሴት ተመልሳለች። እናትህ ልትጠይቅህ ከመጣችና ግንባሯ ላይ መስቀል ካለ ቀድመህ ደውለህ ጠይቅ፣ ለብቻ የሚከራይ መታጠቢያ ያላቸው ቤቶች አሉ።